ትንቢቱን ትቶ መዝገቡን መግዛት



እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ አልፍሬድ ኮልስ የሚባል አሜሪካዊ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ተቀምጦ የሳንባ ነቀርሳ ሕመሙን ያስታምም ነበር። ቤተሰቡ የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ባለድርሻ በመሆኑ ገንዘብ አልቸገረውም፤ የአባቱን ሀብት የማስተዳደሩ ሥራም በእሱ እጅ ነበር። ከዎል ስትሪት ርቆ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው የገበያውን ወሬ የሚያገኘው በፖስታ ነውና፣ ኮልስ በደንበኝነት የሚላኩ የኢንቨስትመንት ትንታኔዎችን እየከፈለ ያስመጣ ጀመር። አንድ ሁለቱን ብቻ አይደለም፤ በዘመኑ ስም ካላቸው ብዙዎቹን ነው። ከዚያ የ1929ኙ የገበያ ውድቀት ደረሰ። ያ ሁሉ የተከፈለበት ወረቀት ከጥፋቱ አላዳነውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ደንበኝነቱን ሰርዞ፣ ረግሞ ይተወው ነበር። ኮልስ ግን ወረቀቶቹን አልጣላቸውም። ሃሮልድ ዴቪስ የተባለ የሒሳብ ሊቅ አማከረ፤ ዴቪስም ካርድ እየበሱ የሚያሰሉበትን የዚያን ዘመን መሣሪያ እንዲጠቀም መከረው። ኮልስ ከ1928 እስከ 1932 ባሉት ዓመታት 16 የታወቁ አገልግሎቶች «ይህን ግዙ፣ ያንን ሽጡ» እያሉ የሰጧቸውን 7,500 ያህል ምክሮች መረመረ። ምክሩን የተከተለ ሰው ውጤት ከአማካዩ አክሲዮን በዓመት 1.43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስለ ገበያው አጠቃላይ አቅጣጫ የሚተነብዩትን 24 ሕትመቶች ደግሞ ለብቻ ያዛቸው። ምናልባት ከመካከላቸው እውነተኛ አዋቂ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ካርታ እየበወዘ በዕጣ የወጣ ትንበያ አዘጋጅቶ አወዳደራቸው። የባለሙያዎቹ ምርጥ ውጤት ከካርታው ምርጥ ውጤት እምብዛም አልራቀም፤ መጥፎው ግን ከካርታውም የባሰ ነበር።

ጥናቱ በሐምሌ 1933 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው፣ ኮልስ ራሱ በገንዘቡ በደገፈው አዲስ መጽሔት ላይ ወጣ። በ1944 በድጋሚ 6,904 ትንበያዎችን ይዞ ተመለሰ። መልሱ አልተለወጠም።

ዛሬ ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ከሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ በመሥሪያ ቤቱ በኩል 401ኬ የተባለውን የጡረታ ቁጠባ የሚያስቆርጥ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ በራሱ ደላላ በኩል በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ኩባንያዎች ላይ ያስቀመጠ ሰው ብዙ ነው። ገንዘቡ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚቀመጥ ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን፣ በዓመት ይህን ያህል ዶላር ከከፈልክ የመላው ዓለም ገበያ ትንታኔ እንልክልሃለን የሚል ግብዣ ይደርሰዋል። ይክፈል ወይስ ይለፈው? የኮልስን ጥናት ብቻ የሰማ ሰው ይለፈው ይላል። የዚህ ዲስኩር አቋም ግን ከዚያ ይለያል፦ አገልግሎቱ ለትንቢቱ አይገዛም፣ ለመዝገቡ ግን ሊገዛ ይችላል፤ መዝገቡን የሚጠቅመው ደግሞ ገዢው ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ነው።

ይህን ለማየት አንድ እውነተኛ ገጽ ገልጦ ማንበብ ይሻላል። አርኖልድ በርንሃርድ ሙዲስ በተባለው ድርጅት ተንታኝ ነበር፤ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራውን አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1931 ኒውዮርክ ውስጥ ቫልዩ ላይንን መሠረተ። ሕትመቱ 1,700 ያህል ኩባንያዎችን ይከታተላል። ለእያንዳንዱ ኩባንያ የሚሰጠው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ያም ገጽ በየ13 ሳምንቱ ይታደሳል።

ገጹ የተጨናነቀ፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ከላይ የኩባንያው ስም፣ የአክሲዮኑ ዋጋ፣ ዋጋው የትርፉ ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ዲቪደንዱም ከዋጋው ስንት በመቶ እንደሆነ ይነበባል። ከሥሩ ዋጋው ባለፉት ዓመታት የወጣበትና የወረደበት ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር ዋናው ነገር ይመጣል፦ ዓመታት ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩበት ሠንጠረዥ። ለአንድ አክሲዮን የደረሰ ሽያጭ፣ ለአንድ አክሲዮን የደረሰ ትርፍ፣ የተከፈለ ዲቪደንድ፣ የረጅም ጊዜ ዕዳ፣ በባለአክሲዮኖች እጅ ያለው የአክሲዮን ብዛት። በግራ በኩል የዕዳው ዝርዝር፣ ወደ ታች ደግሞ ስሙን የፈረመ ተንታኝ አጭር ሐተታ ይገኛል።

ብዙ አንባቢ ዓይኑ ሐተታው ላይ ያርፋል። ጠቃሚው መስመር ግን ብዙ ጊዜ ማንም የማያየው የአክሲዮን ብዛት ነው። አንድ ኩባንያ በአሥር ዓመት ውስጥ ጠቅላላ ትርፉን እጥፍ አደረገ እንበል። ጋዜጣው ያሞግሰዋል፣ ሥራ አስኪያጁም ይሸለማል። በዚያው አሥር ዓመት የአክሲዮኑ ብዛትም እጥፍ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ዓመት የገዛው ሰው ለያዛት ለእያንዳንዷ አክሲዮን የደረሰው ትርፍ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ይህን ከየዓመቱ ሪፖርት ለይቶ ለማውጣት አሥር ጥራዝ ማገላበጥ ይጠይቃል፤ ከሠንጠረዡ ግን በአንድ መስመር ይታያል። የደንበኝነት ገንዘብ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ገጽ ላይ ከ1 እስከ 5 የሚደርስ የደረጃ ቁጥርም አለ፤ ከ1,700ዎቹ 100 ያህሉ ብቻ 1 ያገኛሉ። ስለዚህ ቁጥር ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። የገበያ ትንበያን በጥርጣሬ ያይ የነበረው የፋይናንስ ሊቅ ፊሸር ብላክ እ.ኤ.አ. በ1973 የቫልዩ ላይንን ደረጃዎች ፈትኖ በእርግጥ ፋይዳ እንዳላቸው ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጥቅሙ የግዢና የሽያጭ ወጪ ሲቀነስ ይተርፋል ወይ በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረዋል። ለረጅም ጊዜ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን ክርክሩ ራሱ እምብዛም አይነካውም፤ ያ ደረጃ የሚናገረው ስለሚቀጥለው አንድ ዓመት ነውና። ስመ ጥሮቹ ባለሀብቶች ዋረን ባፌትና ቻርሊ መንገር ቫልዩ ላይንን ከቢሯቸው እንደማይለዩት በባለአክሲዮኖቻቸው ስብሰባ ላይ ተናግረዋል። ይፈልጉት የነበረበትም ምክንያት በአንድ ገጽ የተሰበሰበው የኩባንያው ታሪክ ነበር እንጂ ደረጃው አልነበረም።

ለመረጃው የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ መነሳት የሚገባው ይመስላል። ጆን ሙዲ እ.ኤ.አ. በ1909 የባቡር ኩባንያዎችን ቦንድ ደረጃ መስጠት ሲጀምር መጽሐፉን የሚገዛው ባለገንዘቡ ነበር። በ1970ዎቹ አሠራሩ ተገለበጠና ደረጃ ሰጪዎቹ ክፍያውን ከቦንድ ሻጩ መቀበል ጀመሩ። በ2008 የቤት ብድር ቦንዶች ሲፈርሱ፣ ከሁሉ የላቀ ደረጃ ተሰጥቷቸው የነበሩት ወረቀቶች አብረው ወደቁ፤ ይህ የክፍያ አሠራርም ከተወቃሾቹ አንዱ ሆነ። በደላላ ድርጅቶች ቤትም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ለደንበኛ በነጻ የሚታደለው ትንታኔ ወጪው የሚሸፈነው ከዚያው ድርጅት የኢንቨስትመንት ባንክ ክፍል ነበር፤ የዚያ ክፍል ደንበኞች ደግሞ የሚተነተኑት ኩባንያዎች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሥር ታላላቅ የዎል ስትሪት ድርጅቶች በዚህ ጉዳይ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ከተቆጣጣሪዎች ጋር ተስማምተዋል።

ስለዚህ አንባቢው ራሱ የሚከፍልበት ትንታኔ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ጌታው አንባቢው ነው። ይህ ማለት ግን አሳታሚው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ቫልዩ ላይን ራሱ በሚያስተዳድራቸው የጋራ ፈንዶች ላይ ከ1986 እስከ 2004 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያልተሠራበት የድለላ ክፍያ አስከፍሏል ተብሎ በአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ተከሶ፣ በ2009 ከ43 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያስከፍል ስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል። መዝገቡ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ያው ቤት የሚሸጠውን ፈንድ ዓይን ጨፍኖ መግዛት አያስፈልግም።

በጋራ ፈንድ የሚያስቀምጡ ሰዎች ይበልጥ የሚያውቁት ሞርኒንግስታርን ነው። ጆ ማንሱዌቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ቺካጎ በሚገኘው አፓርታማው ውስጥ የጀመረው ይህ አገልግሎት በማግሥቱ ዓመት ለፈንዶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። ከተወዳዳሪዎቻቸው ከላይ ያሉት 10 በመቶ አምስት ኮከብ፣ ከታች ያሉት 10 በመቶ አንድ ኮከብ ያገኛሉ። ኮከቡ የሚለካው ያለፈውን ውጤት ነው፤ ሕዝቡ ግን የሚመጣውን የሚናገር አድርጎ ወሰደው፣ ገንዘቡም ባለ አምስት ኮከብ ወደሆነው ፈንድ ጎረፈ። ዎል ስትሪት ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምርመራ፣ አምስት ኮከብ ካገኙት ፈንዶች ውስጥ በቀጣዩ አምስት ዓመት በዚያው ደረጃ የሚያስመድብ ውጤት ያስመዘገቡት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሞርኒንግስታርን የሚያስመሰግነው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የራሱ ተመራማሪ ኮከቡንና የፈንዱን ዓመታዊ ወጪ አወዳድሮ፣ የወደፊቱን ውጤት ይበልጥ የሚያመለክተው ዝቅተኛ ወጪ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ያ የወጪ ቁጥር በዚያው ገጽ ላይ፣ ከኮከቡ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። በየዓመቱ 1 በመቶ የሚወስድ ፈንድና 0.1 በመቶ የሚወስድ ፈንድ ልዩነታቸው በአንድ ዓመት ላይታይ ይችላል። ከወጪ በፊት በዓመት 7 በመቶ የሚያድግ 10,000 ዶላር ሠላሳ ዓመት ቢቀመጥ ግን የመጀመሪያው ወደ 57,000፣ ሁለተኛው ወደ 74,000 ዶላር ይሆናል። ወጪን መርምሮ ፈንድ የለወጠ ደንበኛ የደንበኝነት ክፍያውን በአንድ ምሽት መልሷል።

የክፍያው ሒሳብም መሠራት አለበት። በዓመት 250 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት 10,000 ዶላር ላለው ሰው የገንዘቡን 2.5 በመቶ ይበላል፤ ይህን ያህል ወጪ ይዞ ገበያውን መቅደም እጅግ ይከብዳል። ለዚያ ሰው ሰፊውን የዓለም ገበያ የሚይዝ ርካሽ ኢንዴክስ ፈንድ ገዝቶ መቀመጥ ይበጀዋል። 500,000 ዶላር ላለው ግን ክፍያው 0.05 በመቶ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎች የማያውቁት በር አለ፦ በአሜሪካ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቫልዩ ላይንንና ሞርኒንግስታርን ለአባሎቻቸው በነጻ ያስነብባሉ፤ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት የሚገባበትም አለ። ከመክፈል በፊት የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ነው።

ዓለም አቀፍ ወደሚለው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የአሥር ዓመት ሠንጠረዥ ለአንድ ኩባንያ ረጅም ነው፤ ለአንድ አገር ገበያ ግን አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 1989 የጃፓኑ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ኒኬይ 38,915 ላይ ዘጋ። በዚያ ሰሞን የአሥር ዓመቱን መዝገብ የተመለከተ ሰው ከጃፓን የተሻለ ቦታ አልታየውም፤ በዋጋ ሲለካ የቶኪዮ ገበያ ከአሜሪካም በልጦ የዓለም ትልቁ ነበር። ኒኬይ ያንን ቁጥር ያለፈው በየካቲት 2024 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ። አርባ ዓመቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ማለት ነው።

የለንደን ቢዝነስ ስኩል ምሁራን ኤልሮይ ዲምሰን፣ ፖል ማርሽና ማይክ ስታንተን የብዙ አገሮችን የአክሲዮንና የቦንድ መዝገብ እስከ 1900 ድረስ ወደ ኋላ ሄደው ሰብስበዋል። ከዚያ የሚወጣው ሥዕል ለማንኛውም ትዕቢት መድኃኒት ነው። በ1900 ከዓለም ገበያ ትልቁ የብሪታንያ ነበር፤ የአሜሪካ 15 በመቶ ገደማ ብቻ። ዛሬ አሜሪካ ከግማሽ በላዩን ይዛለች። ሩሲያም የራሷ ገበያ ነበራት፤ ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ባለአክሲዮኑ ባዶ እጁን ቀረ። የቻይናውም በ1949 እንዲሁ። አዲስ አበባም በንጉሡ ዘመን በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት መድረክ ነበራት፤ ደርግ ኩባንያዎቹን ሲወርስ አብሮ ከሰመ። በደንበኝነት የሚላከው ገጽ ዛሬ በሕይወት ያሉትን ኩባንያዎች ያሳያል፤ የጠፉት ገጽ የላቸውም። በዚያ ላይ የአሜሪካ አገልግሎቶች ከውጭ ኩባንያዎች በደንብ የሚከታተሉት ኒውዮርክ ላይ የሚሸጡትን ነው። የህንድ ወይም የብራዚል መካከለኛ ኩባንያን ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ከመክፈሉ በፊት አገልግሎቱ ያንን አገር በእርግጥ ይሸፍን እንደሆነ ናሙና ገጽ ጠይቆ ይይ።

ምንዛሪም አለ። በዲያስፖራ የሚኖር ብዙ ሰው አንድ እግሩ በዶላር፣ አንድ እግሩ በብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲያስረክቡ ታዘው ነበር፤ በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ ዳግም ተፈቀደላቸው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው በሐምሌ 2024 የምንዛሪው አሠራር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ አይቷል። ባንኩ በብር ጥሩ ዲቪደንድ ቢከፍልም በዶላር ሲሰላ የያዘው ሀብት ቀልጧል። ይህን ከአሜሪካው 401ኬ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አድርጎ የሚያሳይ የደንበኝነት አገልግሎት ማግኘት ይከብዳል። ባለቤቱ ራሱ አንድ ምንዛሪ መርጦ፣ ሁሉን በዚያ እየመነዘረ መጻፍ አለበት።

ግምገማው በየስንት ጊዜው ይሁን? አገልግሎቶቹ በየቀኑ መልእክት ይልካሉ፤ ደንበኛ ካልተቀሰቀሰ ደንበኝነቱን አያድስምና። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተሰቦችን የደላላ ሒሳብ መርምረው ነበር። ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲያድግ፣ አብዝተው የሚገዙና የሚሸጡት ያገኙት 11.4 በመቶ ነው። ለረጅም ጊዜ ለተቀመጠ ገንዘብ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ቀን ቆርጦ መመርመር ይበቃል።

የኖርዌይ የነዳጅ ገንዘብ ፈንድ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ የገባለት በ1996 ሲሆን ዛሬ በዓለም ላይ በገበያ ከሚሸጡት አክሲዮኖች 1.5 በመቶ ያህሉን ይዟል። በ2007 የአክሲዮን ድርሻውን ከ40 ወደ 60 በመቶ እንዲያሳድግ ተወሰነ። ወዲያው ቀውሱ መጣ፤ ፈንዱ በ2008 ብቻ 23.3 በመቶ አጣ። በየጋዜጣው ጩኸት ሲበረታ ፈንዱ በተወሰነለት መሠረት መግዛቱን ቀጠለ፤ በ2009 ያገኘው 25.6 በመቶ ነበር። ፈንዱን የረዳው አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ የአክሲዮን ድርሻ ነው። ይህ ፈንድ የያዛቸውን ኩባንያዎች በሙሉ በየአገሩ ዘርዝሮ ለማንም በነጻ ያሳያል፤ ዓለም አቀፍ ይዞታ በየአገሩ እንዴት እንደሚከፋፈል ማየት ለሚፈልግ ሰው ከብዙ ተከፋይ ትንታኔ ይሻላል።

እንግዲህ ግምገማው የተጻፈ ነገር ይፈልጋል። ሰውየው እያንዳንዱን ይዞታ ሲገዛ ለምን እንደገዛው በሁለት መስመር ጽፎ ያስቀምጥ። በዓመቱ ገጹን ሲገልጥ የሚጠይቀው ያ ምክንያት ዛሬም ቆሟል ወይ ብሎ ነው፦ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ እንዴት ሆነ፣ ዕዳው ጨመረ ወይ፣ ፈንዱ ወጪውን ከፍ አደረገ ወይ፣ አንዱ አገር ከታሰበለት ድርሻ በላይ አበጠ ወይ። ተንታኙ ከዚህ የተለየ ነገር ሊል ይችላል። ይበል። ሐተታው ከቁጥሩ በኋላ ይነበብ።

በመጨረሻ ስለ አዲስ አበባ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። የግል ባንኮች ከ1994 ወዲህ አክሲዮን ሲሸጡ ኖረዋል፤ ብሔራዊ ባንክ በ2021 ዝቅተኛውን ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገው ወዲህ ደግሞ ካፒታላቸውን ለመሙላት አዳዲስ አክሲዮን ሲያወጡ ቆይተዋል። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚነገረው ጠቅላላ ትርፍ በቢሊዮን ነው፤ የአክሲዮኑም ብዛት አብሮ አድጓል። ያ በቫልዩ ላይን ገጽ ላይ ማንም የማያየው መስመር እዚህ ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ተሠርቶ፣ ባንክ በባንክ፣ ከምሥረታው ዓመት ጀምሮ፣ ከግሽበቱና ከምንዛሪው ጎን። ኦዲት የተደረጉት ዓመታዊ ሪፖርቶች ታትመዋል፤ በየባንኩ መዝገብ ቤትና በየባለአክሲዮኑ መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ። ሰብስቦ፣ ስሙን ፈርሞ፣ ከባንኮቹ ምንም ሳይቀበል በደንበኝነት የሚሸጥ ድርጅት ቢነሳ የመጀመሪያው እትም ከሃያ የማይበልጡ ባንኮችን ይዞ ሊወጣ ይችላል። በርንሃርድም የጀመረው በ1,700 ኩባንያዎች አልነበረም።